ዝናሽን ያስጎበኘሁ ዕለት

«ከዚህ አገር ሁሉ አንተ አብልጠህ የምትወደው ቦታ የቱ ነው?»

ይህችን ሳይጠይቀኝ ወደ አገሩ የተመለሰ ፈረንጅ አላስታውስም። ተራራውን ወጥቶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ውሃውን ተጎንጭቶ ሲያበቃ ዞር ይልና ይጠይቀኛል። እኔ ደግሞ ሰውዬውን አይቼ ነበር የምመልሰው። ጉልበቱ የዛለ ሽማግሌ ከሆነ፣ ምሳ የምንበላባት ምንጭ ናት እለዋለሁ። ፎቶ የምትወድ ወጣት ከሆነች፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ የሚውሉበት ገደል አፋፍ። ጸጥታ የሚፈልግ ከሆነ ተራራው ላይ ያለችው የአሸተን ማርያም ገዳም። እያንዳንዱ የልቤን የነገርኩት መስሎት ደስ ብሎት ይወርዳል። ውሸትም አልነበረም፤ ሁሉንም እወዳቸው ነበር።

ስሜ ሲሳይ ነው። ላሊበላ ተወልጄ ያደግሁ አስጎብኚ ነኝ። አባቴ ዲያቆን እንድሆንለት ዳዊት ድረስ አስተምሮኝ ነበር፤ እኔ ግን ከዜማው ይልቅ የፈረንጅ ቋንቋ ቀለለኝና ወደዚያው ሄድኩ። ከጓደኞቼ የምለየው በእግር ጉዞ ነበር። ከኮን ገበያ ተነስቼ የዋድላን ሜዳ አቋርጬ፣ ወይም ከብልባላ በጽዱ ደን መሃል ወጥቼ፣ በደጋው ላይ አድሬ በአሸተን በኩል ቁልቁል ላሊበላ እገባለሁ። ለየቦታው የተዘጋጀ ንግግር ነበረኝ። የት ጋ ድምፄን ዝቅ እንደማደርግ፣ የት ጋ እንደማስቅ፣ የት ጋ ጭራሽ ዝም እንደምል አውቃለሁ። ኧረ እኔ ዝም ስል ሁሉ እንባው የሚመጣ ፈረንጅ ነበረ! አንድ ሸምገል ያለ ሰውዬ ምንጯ ጋ እንቁላሉን እንደያዘ ስቅስቅ ብሎ ሲያለቅስ፣ ቅመሙ አቃጥሎት መስሎኝ ውሃ ይዤ ሮጬ አውቃለሁ። ለካ አገሩ ነው ያስለቀሰው።

ሚስቴን ዝናሽን ያገኘኋት ለእነዚሁ ሰዎች ምሳ እንቁላል ስገዛ ነው፣ ብልባላ ገበያ። እናትና አባቷ ከብልባላ በላይ ተራራው ሥር ያሉ ገበሬዎች ናቸው። ከተጋባን በኋላ ከጉዞ ስመለስ ጫማዬን እያወለቀችልኝ ትጠይቀኛለች።

«ዛሬ ደግሞ የት አደረስካቸው?»

ነግሬያት ስጨርስ፣ «እኔንስ መቼ ነው የምታስጎበኘኝ?» ትላለች።

«አንቺ ደግሞ! አገርሽ አይደል እንዴ? ምኑን ትጎበኛለሽ?»

«አገሬ ነው እንጂ መች አየሁት? እኔ የማውቀው ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት ነው።»

«ፈረንጅ ቀነስ ሲል እወስድሻለሁ» እላታለሁ። እንዳልኩትም ፈረንጅ ቀነሰ። ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። ጦርነቱ መጣ፣ ሄደ፣ ሌላው መጣ፤ እኔም አቅርቦ ማያ መነጽሬንና የተራራ ጫማዬን ሸጬ በላሁ። ጊዜ እንደ ጉድ ተርፎኝ ቤት ተቀምጬ እያለሁ እንኳን አልወሰድኳትም። መንገዱ ያስፈራል፣ ነገ ሰላም ይሆናል፣ እያልኩ።

በዚህ መሃል ነው ያረገዘችው። ብዙ የጠበቅነው ልጅ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነውና የሚወለደው፣ ወሩ ሲገባ እናቷ ዘንድ ወጣች። እኔም ኅዳር ላይ፣ መንገዱ ለጥቂት ቀን ጋብ ሲል፣ በእግሬ ተከተልኳት። ሆዷ ከዓይኗ በፊት ነበር የተቀበለኝ። እጄን ወስዳ አስቀመጠችበት፤ ከውስጥ ረገጠችኝ። ረገጠችኝ የምለው ዝናሽ ሴት ናት ብላ ስለወሰነች ነው።

«እንዳንተ ተራራ ለተራራ የምትዞር ናት፤ አንድ ቦታ አትቀመጥም» አለችኝ።

ምጡ የመጣው ማታ ነው። አማቴ እማማ ይመኙ የሰፈሩን ሴቶች ጠርተው፣ ሌሊቱን ሙሉ «ማርያም፣ ማርያም» ሲባል አደረ። እኔ ከአጎቷ ከአያ ደባሽ ጋር ደጅ ተቀምጬ፣ አሁን እልል ይላሉ አሁን እልል ይላሉ ስል ነጋ። ሲነጋ እማማ ይመኙ ወጡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረውታል። ሰላም አላሉንም።

«ነርሷን ጥሩልኝ» አሉ።

ነርሷ ከብልባላ ጤና ጣቢያ በእግሯ መጣች፤ ልጅ እግር ናት፣ ግን ጨዋ። ዝናሽን ዳሰሰቻትና ስትወጣ ፊቷ ተለውጧል። ወደ ጎን ወሰደችኝ።

«ልጁ ዞሮ ነው የተቀመጠው። የእንሽርት ውሃዋ ከፈሰሰ ቆይቷል። እዚህ አይሆንም፤ ኦፕራሲዮን ሳያስፈልጋት አይቀርም። ላሊበላ ሆስፒታል መድረስ አለባት።»

«መቼ?»

«ዛሬ ነዋ! አሁን!»

ስልክ ከተቋረጠ ሰንብቷል። መኪና ፍለጋ ከአያ ደባሽ ጋር ወደ ብልባላ ስንሮጥ፣ ከዚያ የሚመጣ ሰው መንገድ ላይ አገኘን። በታች በዋናው መንገድ ተኩስ አለ፣ መኪና ቀርቶ አህያ አያልፍም፣ ሰዉ ሁሉ ቤቱን ዘግቷል አለን። ሊያወራልን ፈልጎ ነበር፣ ጥለነው ተመለስን።

አያ ደባሽ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው ቆሙ። «በየት ነው እንግዲህ የምንወስዳት?» አሉ። «የብልባላ ሰው ላሊበላ የሚወርደው በዚያው ነው፤ ሌላ አናውቅም።»

ያን ጊዜ እኔ ተናገርኩ። አቤት፣ በምን ልበ ሙሉነት! «በላይ እንሂድ። በደጋው አቋርጠን በአሸተን በኩል እንወርዳለን። እዚያ ተኩስ የለም፣ ማንም የለም። መንገዱን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ።»

«ቃሬዛ ያሳልፋል?» አሉኝ።

«ኧረ አያ! ጡረታ የወጣ ፈረንጅ በምርኩዝ ሲሄድበት የኖረ መንገድ ለእኛ ያንሰናል እንዴ?»

አያ ደባሽ ገብተው የእማማ ይመኙን የጠፍር አልጋ አወጡ፣ ሁለት ወፍራም ባሕር ዛፍ በግራና በቀኝ አሰሩበት፣ ሰፈሩ ተጠራራ። ዝናሽን ደግፈን ስናስተኛት አልጋውን በእጇ ዳበሰችው። እሷም ራሷ የተወለደችው እዚያ አልጋ ላይ ነው።

ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ላስታ ውስጥ ቃሬዛ ያየ ሰው አይቀመጥም። አጫጁ ማጭዱን ይጥላል፣ አራሹ በሬውን ያቆማል። አንዱ ሰፈር ተሸክሞ እስከ ወሰኑ ያደርሳል፣ የሚቀጥለው ይቀበላል። ማን ናት፣ የማን ልጅ ናት የሚባለው ቃሬዛው ሥር ትከሻ ከገባ በኋላ ነው። እንዲያ እየተቀባበሏት ሽቅብ ወጣን። ሴቶቹ ከየደጁ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ!» እያሉ ይከተሏት ነበር። እኔ ፊት ፊት መንገድ እመራለሁ፤ እማማ ይመኙ ከጎኗ የአልጋውን ጫፍ ይዘው ይሄዳሉ።

ከኋላዬ ዝናሽን እሰማታለሁ። ምጡ ሲመጣ ጥርሷን ነክሳ ታቃስታለች፤ ሲለቃት ዝም ትላለች፤ ዝምታዋ ደግሞ ከማቃሰቷ የባሰ ያስፈራኛል። ስፈራ ምን እንደማደርግ ታውቁ ይሆናል፤ አወራለሁ። ወደ ኋላ ዞር ብዬ ጀመርኩ።

«ዝንዬ፣ በስተቀኝሽ ያለው ጽድ የዱሮ ነው፣ ከዚህ በታች ዋሻ ውስጥ የተሠራች ቤተ ክርስቲያን…»

«ዝም በል!» አለችኝ። «ዝም በልልኝ! ወሬህ ነው የሚገድለኝ!»

«ተዋት ልጄ፣ ተዋት» አሉኝ እማማ ይመኙ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። እኔም ፊቴን ወደ መንገዱ መለስኩ።

ምንጯ ጋ ስንደርስ አሳረፍናት። እዚያች ድንጋይ ላይ ነበር ለፈረንጆቹ ጨርቅ የማነጥፈው። የብርቱካን ልጣጭ እንዳይጥሉ የምቆጣው እዚያ ነበር። እዚያ ነበር ያ ሰውዬ እንቁላሉን ይዞ ያለቀሰው። አሁን ከንፈሯ የተሰነጣጠቀ ሚስቴን ቀና አድርጌ በመዳፌ ውሃ አጠጣኋት፤ ወዲያው አስመለሳት። ውሃ ልትቀዳ የመጣች ሴት ጀሪካኗን አስቀምጣ መሬት ላይ ተንበረከከች፣ የዝናሽን እግር ይዛ ስማ ምንም ሳትናገር ሄደች። ያቺን ቦታ ከዚያ በፊት በየሳምንቱ አይቻታለሁ፤ ግን ያን ዕለት ዛፉንም ድንጋዩንም ጠላሁት። ቆንጆ በመሆኑ ተናደድኩበት።

ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳዎቹ ፀሐይ ይሞቃሉ። ድሮ እነሱን ያየሁ እንደሆነ እጄን ከፍ አድርጌ ሰዉን ሁሉ አስቆማለሁ። ያን ዕለት በመሃላቸው ነው ያለፍነው። ቀና ብለው አዩን፣ ተመልሰው ሳራቸውን ነጩ።

ሜዳው ላይ ስንወጣ ቤት የለም፣ ሰው የለም፤ ነፋስና የደጋው ተክል ጅብራ ብቻ። የሚቀበለን ሰፈር ስለጠፋ፣ ከዝናሽ ቀዬ ጀምሮ የተከተሉን አያ ደባሽና ጎረቤቶቻቸው ራሳቸው ትከሻ ገቡ። ዝናሽ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ጋቢያችንን ሁሉ ደረብንላት። እማማ ይመኙ በየመሃሉ እጃቸውን ከጋቢው ሥር ሰደው ሆዷን ይዳስሱና፣ «አለች፣ ትንቀሳቀሳለች» ይሉኛል። ያቺን ቃል ሳገኝ እርምጃዬ ይፈጥናል፤ ሰዎቹም ይፈጥናሉ። «ደርሰናል፣ ደርሰናል» እላለሁ። እውነትም ቁልቁለቱ ቅርብ ነበር። አንዲት ቦታ ብቻ ቀርታን ነበር።

ከአሸተን በላይ፣ ሜዳው አልቆ ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል፣ አለቱ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውስጥ ሰው በጎኑ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ያልፋል። እኛ አስጎብኚዎች ጠባቧ በር እንላታለን። ፈረንጅ ሁሉ የሚወዳት ቦታ ናት። እዚያ አፏ ላይ ቆሜ፣ በየጊዜው፣ አንዲት ቀልድ ነበረችኝ፤ «ሆድ ያለው ሰው ከዚህ ይመለስ!» እላለሁ። ቦርጫሙ ሆዱን ይይዛል፣ ሌላው ይስቃል፣ ከዚያ ፎቶ ይነሳሉ።

ከበሯ ፊት ቆሜ ወደ ኋላ ዞር ስል አልጋው መጣ። አልጋውን አየሁ፣ በሯን አየሁ። ቀልዴ ትዝ አለችኝ።

እመኑኝ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንድም ጊዜ አላሰብኩም። ያን ሁሉ ዓመት በዚያ ሳልፍ የያዝኩት ውሃና ካሜራ ነው፤ የተኛ ሰው ይዤ አልፌ አላውቅም።

አያ ደባሽ አልጋውን አስቀመጡ። ወደ በሯ ሄዱ፣ ትከሻቸውን አስገብተው ሞከሩ፣ ተመለሱ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። በቀስታ ነው የጠየቁኝ።

«ሌላ መንገድ አለ?»

አለ። የአህያ መንገድ አለ። ወደ ኋላ ተመልሶ ሸለቆውን ዞሮ የሚወርድ፣ ምንም የሚታይ ነገር ስለሌለው እኔ ሰው ወስጄበት የማላውቅ መንገድ። በዚያ ብንሄድ እኩለ ሌሊት ይሆናል። እንዲህ ስላቸው እማማ ይመኙ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«እስከ እኩለ ሌሊት ልጄ አትቆይም» አሉ። «ሲሳይ፣ ልጄ አትቆይልኝም።»

አለቱን በቡጢ መታሁት፤ እጄ ደማ። «ምን ዓይነት ደደብ ነኝ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። ያን ጊዜ ከአልጋው ላይ የዝናሽ ድምፅ መጣ።

«አንሱኝ» አለች። «በእግሬ አልፋለሁ።»

«አትችይም!» አልኳት።

«አንሱኝ ነው የምላችሁ!»

አነሳናት። እማማ ይመኙ ቀድመው ገቡና ሁለት እጇን ያዙ፤ እኔ ከኋላ በብብቷ ሥር ደገፍኳት። በጎኗ ገባች። ጀርባዋ አንዱን አለት፣ ሆዷ ሌላውን ይነካል። አንድ እርምጃ፣ ትንፋሽ፣ አንድ እርምጃ። አያ ደባሽ ከውጭ ጮክ ብለው «ማርያም! አንቺ የወለድሽ!» ይላሉ፤ ድምፃቸው አለቱ ውስጥ ይንከባለላል። ከላይ ትንሽ ሰማይ ይታያል። መሃል ላይ፣ በጣም የምትጠበው ቦታ ስንደርስ፣ ምጡ መጣባት።

ጉልበቷ ታጠፈ። የምትወድቅበት ቦታ እንኳ አልነበረም፤ አለቱ ያዛት። ሆዷ ተጣብቋል፣ ወደፊት አይሄድም፣ ወደኋላ አይመለስም። ግንባሯን ድንጋዩ ላይ አድርጋ ጮኸች። እንዲህ ያለ ጩኸት ከሰው አልሰማሁም፤ ዳግም አያሰማኝ። እናቷ «አይዞሽ፣ አይዞሽ ልጄ» እያሉ እጇን ይስማሉ። እኔ ምን ላድርግ? ፊቴ ጸጉሯ ውስጥ ነው፣ እጄ በላብ ይንሸራተታል። «ውሰደኝ፣ እኔን ውሰደኝና እሷን ተዋት» እያልኩ እለምናለሁ። ማንን እንደምለምን አላውቅም።

ምጡ ቀስ ብሎ ለቀቃት። ዝም አለች። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ለእናቷ «ሳቢኝ» አለቻቸው፤ ወጣን።

አልጋውን እዚያው ማዶ ትተን ዱላና ጋቢ አጋጥመን ሌላ ቃሬዛ ሠራን። ቁልቁለቱ አንድ መንገድ ብቻ ስለሆነ መሪ አላስፈለገም፤ እኔም ትከሻ ገባሁ፣ በራስጌዋ በኩል። ፊቷ ከፊቴ ሥር ነበር፣ ተገልብጦ። አመድ መስሏል። እማማ ይመኙ ሆዷን ሊዳስሱ እጃቸውን ሲሰዱ ያዘቻቸው።

«ተይኝ እማዬ፣ ያመኛል» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብላ፣ «ንገረኝ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«አገሩን። አሁን የት ነን?»

ዝም በል ያለችኝ ሴት! ደስታዬ አይነገርም። ነፍስ ዘራች ማለት ነው ብዬ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ እንባዬ አገጬ ላይ እየወረደ፣ እንደ ጥንቱ ጀመርኩ። «በስተግራሽ የምታዪው ገደል…» ሰማይ ብቻ ነበር የምታየው፤ ተኝታ ነዋ። ግን ሁሉን ነገርኳት። የቤቶቹን ጣሪያ፣ የገብሱን መደብ፣ ጭልፊቶቹ የሚያርፉበትን ዛፍ። ትንፋሼ ሲያጥረኝና ስቆም፣ «ከዚያስ?» ትለኛለች። ስናደናቅፍ፣ «ከዚያስ ሲሳይ?» አሸተን ማርያም ደጅ ስናልፍ አንድ ባሕታዊ ወጥተው መስቀላቸውን ከግንባሯ እስከ እግሯ አስነኳት፤ ተሳለመችና፣ «እዚህስ ለፈረንጆቹ ምን ትላቸዋለህ?» አለችኝ። ኮን ገበያን፣ ዋድላን፣ በዚያ የሌለውን ሁሉ ጭምር አወራሁላት። ትከሻዬ ተልጦ ነበር፤ አልተሰማኝም። ፀሐይ ስትጠልቅ ሆስፒታሉ በር ላይ ደረስን፤ እያወራሁ ነው ከእጄ የወሰዷት።

ሐኪሙ የወጣው ጨልሞ ነው። ማስኩን አወረደ።

«እናትየዋ ትተርፋለች» አለኝ። «ሕፃኗን ግን… አዝናለሁ ወንድሜ።»

ሴት ነበረች። ዝናሽ እንዳለችው።

ሌላ አልጠየቅሁትም። መቼ እንደሆነ፣ በየት በኩል ብመጣ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር መስማት አልቻልኩም። ጎረቤት እየመጣ፣ ባዶ እጇን አይቶ ትንሽ ካመነታ በኋላ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። ሌላ የሚባል የለም። እሷም «አሜን» ትላለች። እኔ ግን ማርያም ላይ አኩርፌ ነበር፤ አሁንም ቢሆን እናገረዋለሁ፣ አኩርፌ ነበር። ወደ ተራራው ያለውን መስኮት ዘጋሁት። ሁለተኛ ወደዚያ አልወጣም ብዬ ማልኩ። የእማማ ይመኙን አልጋ የማላውቃቸው ሰዎች በአህያው መንገድ ዞረው፣ እየተቀባበሉ ቤታቸው እንዳደረሱላቸው ሰማሁ፤ እሱን ስሰማ ብቻ አለቀስኩ።

ሰላም ሲሻሻል ፈረንጅ አንድ ሁለት እያለ ብቅ ማለት ጀመረ። ጓደኞቼ ሲጠሩኝ አመመኝ እላለሁ። ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት ዝናሽ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የፕላስቲክ ጫማዋን አስራ በር ላይ ቆመች።

«ተነስ» አለችኝ። «አስጎብኘኝ።»

«ዝንዬ፣ እባክሽ።»

«ቃል ገብተህልኛል። ያን ዕለት ያየሁት ሰማይና ያንተን አገጭ ነው።»

ሄድን። ዳገቱን ከእኔ ቀድማ ወጣችው። የነገርኳትን አንዱንም አልረሳችም። «የጭልፊቶቹ ዛፍ ይህ ነው? ገብሱ የቱ ጋ ነው ያልከው?» ትለኛለች። አሸተንን ተሳልማ ወደ ላይ ቀጠለች። እግሬን እየጎተትኩ ተከተልኳት። ጠባቧ በር ጋ ስንደርስ እኔ ቆምኩ፤ እሷ በጎኗ ገባች። አሁን ሰፊ ቦታ ነበራት። መሃል ላይ ስትደርስ ቆማ መዳፏን አለቱ ላይ ጫነች።

«እዚህ ጋ ነው ዝም ያለችው» አለች።

«ማን?» አልኩ እንደ ሞኝ።

«ልጄ። ስንጣበቅ አንዴ በኃይል ተወራጨች፣ ከዚያ ቀረች። ወዲያው አወቅሁ።»

አለቱን ተደግፌ ቆምኩ። «እናትሽ ሊዳስሱ ሲሉ…»

«እንዳታውቅ ነዋ።»

«ለምን? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትሄድ ነበር?» አለችኝ። ወደ እኔ አላየችም። «እዚያው ቁጭ ብለህ ታለቅስ ነበር። እናቴም ትቀመጥ ነበር። እኔ ደግሞ መሞት አልፈለግሁም ሲሳይ። አንተን አውቅሃለሁ፤ የምትራመደው ስታወራ ነው። ስለዚህ አስወራሁህ።»

ያን ሁሉ ቁልቁለት በወሬዬ እሷን በሕይወት ያቆየኋት መስሎኝ ነበር። የሞተ ልጇን በሆዷ ይዛ፣ «ከዚያስ?» እያለች ተራራውን ያወረደችኝ እሷ ነበረች። በሯ ውስጥ ገብቼ አቀፍኳት። ለሁለት ሰው አትበቃም፤ ተጣብቀን ቆምን። ያን ዕለት ያላለቀስነውን እዚያ አልቅሰን ጨረስን ልላችሁ እፈልጋለሁ፤ አልጨረስነውም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ገጠመኝ የማወጣላችሁ ትልቅ ትምህርት የለኝም። አገሬን አውቃለሁ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የማውቀው እንግዳ የሚቆምበትን ድንጋይ ነበር። ሚስቴንም አውቃለሁ ስል ነበር። የምትወዱት ቦታ ካላችሁ፣ የምትወዱትን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ በእግሩ ሳለ፣ ቶሎ። ከዚህ ሌላ ምን እላለሁ? እኔ አሁንም አንዳንድ ቀን ይብስብኛል፣ አንዳንድ ቀን ደህና ነኝ። ዝናሽ የዘጋሁትን መስኮት መልሳ ከፍታዋለች።

ወደ ሥራዬም ተመልሻለሁ። ባለፈው ጊዜ የወሰድኳቸው ባልና ሚስት ምንጯ ጋ ተቀምጠን ያቺኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። ምሳችሁን ብሉ፣ ይቀዘቅዛል፣ አልኳቸው። ጠባቧ በር ጋ ስንደርስ ካሜራቸውን አዘጋጅተው ማብራሪያዬን ጠበቁ። ቀልዷን ትቻታለሁ።

«አንድ በአንድ ግቡ፣ ቀስ ብላችሁ» አልኳቸው፤ እኔም ኮፍያዬን አውልቄ ተከተልኳቸው።